ባጃጇ የምን ተምሳሌት ናት?

መጻፍ የጀመርኩት መናገር ስለማፍር ነው። ለመሽኮርመም ብዬ እንዳይመስላችሁ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ «ወራጅ» ማለት ያቅተኛል። ሌላ ሰው እስኪል እጠብቅና እሱ በወረደበት ቦታ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ወደ ቤቴ በእግሬ እመለሳለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሆነ መሰላችሁ? አስተማሪ ሆነ። የመጀመሪያውን ወር ያስተማርኩት ለጥቁር ሰሌዳው ነው። ተማሪዎቼ ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬን ያውቁት ነበር። አንዷ ልጅ ገበያ ውስጥ ከኋላዬ ሆና «ቲቸር!» ብላ ስትጠራኝ «በምን አወቅሽኝ?» ብላት፣ «በሻርፕዎ ቋጠሮ» አለችኝ።

ታዲያ ደብረ ብርሃን ስማር አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የቆላ ልጅ ለትምህርት ወደ ደጋ ስትሄድ አባቷ መናኸሪያ ድረስ ይሸኛታል። ሻንጣዋን ቅጥቅጡ አውቶቡስ ላይ ይጭንላታል። ከዚያ አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት፣ ድንገት ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ልጅቱም በመስኮት እያየችው «ጀርባው እንደ ተዘጋ በር ነበር» ትላለች። አውቶቡሱ ጣርማ በርን ይወጣል፣ ዋሻው ውስጥ ይገባል፣ ብርድ ይጀምራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከአባቷ የተላከ ብርድ ልብስ ያደርስላታል። መልእክት የለውም፤ ብርድ ልብስ ብቻ። አለቀ።

ልቦለድ ነው አልኩ እንጂ ልጅቱ እኔ ነኝ፤ አባትየውም አባቴ ነው። ብርድ ልብሱም ይኸው እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ። ሮቢት ውስጥ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል? አንሶላ ራሱ በሚከብድበት አገር!

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው የሞተችው። አባቴ ሽንኩርት እየነገደ ብቻውን አሳደገኝ። ከተማው ጋሼ ሰይድ ይለዋል። ከደላላ፣ ከጫኝ፣ ከሹፌር ጋር ሲያወራ ቢውል አይሰለቸውም። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ያልቅበታል።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

የእኔና የአባቴ ጨዋታ ይኸው ነው። መልሴን በየቀኑ በተመሳሳይ ቃል የምሰጠው እኔም አለሁበት።

ታሪኩ የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙ አልተጨነቅኩም። አባቴ ቁርኣን ይቀራል፤ የአማርኛ ንባቡ ግን ከመኪና ታርጋ አያልፍም። ስለ እሱ የጻፍኩትን ሊያነበው አይችልም። እኔ ደግሞ ደፋር የምሆነው እንዲህ የሚያነብብኝ ሰው በሌለበት ብቻ ነው።

ነገር የመጣው ከትምህርቱ ነው። «አጭር ልቦለድን ከእሱ ከተሠራ ፊልም ጋር ማነጻጸር» የሚል ምዕራፍ ላይ ደረስን። ታሪኩ ሲኖር ፊልሙ የለም፣ ፊልሙ ሲኖር ታሪኩ የለም። የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን መላ መታ። «ያንቺ ታሪክ አለ አይደል? ተማሪዎቹ በስልክ ፊልም ያድርጉት፤ ከዚያ ያነጻጽሩ።» እምቢ ለማለት ድምፅ ያስፈልጋል። «እሺ» ለማለት ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ነቀነቅኩ።

መጀመሪያ ታሪኩን ክፍል ውስጥ አነበብነው፤ ዘይቤዎቹን ፈለግን። ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ሰውኛ፣ ግነት። የራስን ጽሑፍ እንደ ሰው ጽሑፍ «ደራሲዋ እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልጋ ይሆን?» እያሉ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዘይነባ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ዘይነባ እጇን ስታወጣ እኔ ጠመኔዬን አነሳለሁ፣ ወደ ሰሌዳው ለመዞር።

«ቲቸር፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለችው ባጃጅ የምን ተምሳሌት ናት?»

አየሁት። እውነትም አለች። «ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያንባረቀ እስከ ከተማው መውጫ ተከተለን» ይላል። ያስገባሁት ያን ቀን ስለነበረ ነው። ከአውቶቡሱ ኋላ አንድ የሚያደነቁር ባጃጅ ነበር፤ ጻፍኩት፤ በቃ። ግን ስልሳ ተማሪ እስክሪብቶ ይዞ እየጠበቀ «ምንም አይደለችም» ይባላል?

«ባጃጇ…» አልኩ፤ «ባጃጇ የሰውን ልጅ ከኋላ የሚያሳድደው የዘመናዊነት ጥድፊያ ተምሳሌት ናት።»

ስልሳ እስክሪብቶ ጻፈ። እስከ ማታ እኔም አመንኩት።

ከዚያ ስለ ፊልም አስተማርኩ። «ፊልም እንደ ልቦለድ በቃል አይገልጽም፤ በሥዕል ነው። ስለዚህ ዘይቤውን ወደ ሥዕል ለውጡት» አልኳቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ ታፈላለች።

በሳምንቱ ዘይነባ ኮሪደር ላይ እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር! አባትየውን የሚሆን ሰው አገኘን!»

«ማን?»

«ጋሼ ሰይድ!»

«የእኔ… አባቴ?»

«አዎ! ታሪኩ ላይ ያለው ሰውዬ ቁርጥ እሳቸውን! አረማመዱ ራሱ!»

«ዘይነባ፣ ልቦለድ ነው እኮ።»

«እናውቃለን ቲቸር። ለዚያ እኮ ነው የገረመን።»

ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ የሽንኩርት ማዳበሪያ እየሰፋ ነበር። ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አባ፣ ፊልም ሥራ ብለውሃል አሉ።»

«ጠይቀውኛል።»

«ሥራ አለብህ እኮ። ፀሐዩም ጥሩ አይደለም።»

«ያንቺ ጽሑፍ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ ግን ልብ ወለድ ነው። እውነት አይደለም። ማለቴ፣ ልብ የወለደው ነገር…»

መርፌውን ማዳበሪያው ላይ ሰክቶ ቀና አለ። «ልብሽ የወለደው?»

«አዎ።»

«እንዴ! የልጅ ልጄ ነዋ!»

ሳቀ። ብቻውን ደስ ብሎት ሳቀ። እኔን ለመዳር ካሰበ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አፍ አውጥቶ ነግሮኝ ግን አያውቅም። «የልጅ ልጅ ጠርቶኝ ልቀር ነው?» ብሎ ስፌቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። አስቡት፤ ሰውዬው ሌላ ሚስት ሳያገባ፣ ጸጉሬን ራሱ እየጎነጎነ (ሁሌም ወደ ግራ ይጣመምበት ነበር)፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ከእናቶች መሃል እየተቀመጠ አሳደገኝ። እኔ ደግሞ ውለታውን በአንድ ተነጻጻሪ ዘይቤ መለስኩለት። አሁን ያችን ዓረፍተ ነገር በከተማው ሰው ፊት በራሱ ጀርባ ላይ ሊሰማት ነው።

እንደ ምንም ዘይነባን ጠርቼ «ያ የበሩ ነገር በቃል ባይነበብስ?» አልኳት።

«ችግር የለም ቲቸር» አለች፤ «በሥዕል እናደርገዋለን።»

ተመስገን ብዬ ተመለስኩ። በዓለም ላይ እንደ እኔ ያለ ሞኝ የለም።

ቀረጻው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ነበር። እኔ አልሄድኩም። ማለቴ፣ ሄጃለሁ፤ ግን ከሐብሐብ ክምር ጀርባ በጃንጥላ ተሸፍኜ ነው የተቀመጥኩት። ሐብሐብ ሻጯ ምን እንደምፈልግ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ሁለቴም «እየመረጥኩ ነው» አልኳት።

ዘይነባ መሃል ላይ ቆማ እጇን እያወናጨፈች «ሴራው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው! ሴራውን እንዳታበላሹት!» ስትል የመናኸሪያው ጥበቃ ዱላውን ይዞ እየተራመደ መጣ።

«የምን ሴራ ነው? ማን ላይ ነው?»

«የልቦለድ ሴራ ነው ጋሼ።»

«ልቦለድ ማን ነው?»

እሱን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ግነቱ መጣ። ታሪኩ ላይ «ላቡ እንደ ክረምት ወንዝ ይወርድ ነበር» ብያለሁ። ልጆቹ አንድ ጄሪካን ውኃ አምጥተው አባቴ ላይ ከራሱ ጀምረው ደፉበት። እኔ ከሐብሐቡ ኋላ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና «አልሐምዱሊላህ!» አለ። «ልጆች፣ ይቺን ድገሟት፤ አልተዋጣላችሁም።» ሦስቴ አስደገማቸው። ሙቀቱ እኮ ነው!

ይኼኔ ሁለት ተማሪዎች የቆርቆሮ በር ተሸክመው በመናኸሪያው መግቢያ ብቅ አሉ። እውነተኛ በር ነው፤ ማጠፊያው ከነዝገቱ፣ ጓጉንቸሩም እንደ ተቆለፈ። የዘይነባ አጎት የጓሮ በር ነበር። አባቴን አዙረው በገመድ ጀርባው ላይ አሰሩት።

ዘይቤውን ወደ ሥዕል ለውጡት ያልኩት እኔ ነኝ።

መናኸሪያው ቆመ። መንገደኛው፣ ሎሚ ሻጩ፣ ረዳቱ፣ ሁሉም።

«ጋሼ ሰይድ! ቤት እየቀየሩ ነው እንዴ?»

«ኧረ ባለቤቱ ቤቱን ከልክሎ በሩን ብቻ ሰጥቷቸው ነው!»

አንዱ ረዳት ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ለበሩ ለብቻው ትኬት ይቆረጣል!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ በሩን እንደ ተሸከመ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆርቆሮው ተንኳኳ። ቆመ።

«ዘይነባ፣ ልጄ፤ እኔ ፊልሙ ላይ በር ሻጭ ነኝ እንዴ?»

«አይደለም ጋሼ፤ ዘይቤ ነው።»

«ምን?»

ዘይነባ መጽሔቱን ከቦርሳዋ አወጣች። እባክሽ አታንቢው ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ድምፄ «ወራጅ» ለማለት ስፈልግ ወደሚሄድበት ቦታ ሄደ። ልጅቱ በጠራ ድምፅ፣ እኔው ባስተማርኳት ሥርዓተ ነጥብ፣ አነበበችለት፤ «ፊቱን አዙሮ ሄደ። ደህና ሁኚ እንኳን አላለኝም። ጀርባው እንደ ተዘጋ በር ነበር።»

አባቴ ወደ መጽሔቱ ጎንበስ አለ። የመንገደኛው ሳቅ ቆመ።

«ይህን ያለችው ልጅቱ ናት?»

«አዎ ጋሼ፤ መስኮት ጋ ተቀምጣ።»

«ቀጥዪ» አላት።

እኔ መቀጠሏን አልጠበቅኩም። ስነሳ ጃንጥላዬ ክምሩን መታው፣ ሐብሐቦቹ እየተንከባለሉ አስፋልት ላይ ወጡ። ሻጯ «መርጠሽ ጨረስሽ?» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት። እኔ ግን እየሮጥኩ ነበር።

ያን ማታ አባቴ እንደ ወትሮው ገባ። «በላሽ?» አለኝ። «በላሁ» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ምንም አልጨመረም፤ ምንም አልቀነሰም። ቢቆጣኝ ምን ነበረበት? የይቅርታ ደብዳቤ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ አንድም ዘይቤ አላስገባሁበትም። አባቴ አማርኛ እንደማያነብ ትዝ ያለኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ያ ብርድ ልብስ አለ?»

«የቱ?»

«የደብረ ብርሃኑ።»

ከሳጥን አውጥቼ ሰጠሁት። አራት ዓመት የለበስኩት፣ ጠርዙ ትንሽ የተተረተረ፣ ቡናማ ብርድ ልብስ። አገላብጦ አየው፤ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ከተተውና በዚያ ሙቀት ታቅፎት ወጣ። የሰጠኝን አንድ ነገር መልሶ ወሰደብኝ ብዬ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። አራት ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት ለሰሌዳው ነው።

ፊልሙ ሐሙስ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታየ። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነው ውስጡ እንደ ምድጃ ግሏል። ግማሹ ከተማ መጥቷል። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ፊት መስመር ላይ ተቀምጧል። እኔ ከኋላ፣ መውጫው አጠገብ።

ፊልሙ ጀመረ። መናኸሪያ፣ ፀሐይ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የራሰ አባቴ። አዳራሹ ሳቀ። ሻንጣውን ጫነ። በሩን ጠበቅኩት፤ በር የለም! አውጥተውታል። የዘይነባ ድምፅ ግን ከጀርባ የእኔን ቃላት ያነባል፤ ፊልም በሥዕል ነው የሚገልጸው ብዬ አስተምሬ ነበር፤ ማን ሰማኝ። «ፊቱን አዙሮ ሄደ… ጀርባው እንደ ተዘጋ በር ነበር።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፊልሙ እዚያው ጀርባው ላይ ነው።

በእኔ ታሪክ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ፊልሙ ግን አውቶቡሱ ላይ አልተሳፈረም። አባቴን ተከተለው። ፈጠን ፈጠን እያለ ከመናኸሪያው ወጣ። ከዚያ ሮጠ። አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ አሯሯጡ ልክ እንደ ሽንኩርት ተሸካሚ ጎንበስ ያለ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ገባ። ባለሱቁ ፌስታል እያቀበለው «ጋሼ ሰይድ፣ ሮቢት ውስጥ ብርድ ልብስ ፈልጎ የሚገዛ አንቱ ብቻ፤ ገዝቶ የሚረሳም አንቱ ብቻ!» አለው። ቡናማው ብርድ ልብስ ነው። የእኔ።

ታቅፎት ተመልሶ ሲሮጥ አውቶቡሱ የለም።

መንገድ ላይ ወጥቶ ባጃጅ አስቆመ። ባጃጁን የሚነዳው የሰፈራችን ልጅ ጀማል ነው። «ያን ቅጥቅጥ ያዝልኝ!» ይለዋል አባቴ። ጀማልም «ጋሼ፣ ይቺን አውሮፕላን አደረጓት እንዴ?» እያለ ይነዳል፤ ክላክሱ ላይ ተኝቶበታል። አባቴ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ወጥቶ አንድ እጁን ያውለበልባል፤ በሌላው ብርድ ልብሱን ይዟል። በዚህ ላይ የዘይነባ ድምፅ መጣ፤

«ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያንባረቀ እስከ ከተማው መውጫ ተከተለን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወንበሩን ያዝኩ። አባቴ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር እየጮኸ ነው። ክላክሱ ለአፍታ ሲያርፍ ተሰማ። ስም ነው። ታሪኩ ላይ ለልጅቱ ስም አላወጣሁላትም። አባቴ የሚጠራው የእኔን ስም ነበር።

ከዚያ ባጃጇ አስነጠሰች፣ ተንገጫገጨች፣ ቆመች። ቤንዚን አልቋል። ቤቶቹ አልቀው የሽንኩርት ማሳው የሚጀምርበት ቦታ ነው። አባቴ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ቆመ። አውቶቡሱ እያነሰ ሄደ። ብርድ ልብሱን ከፌስታሉ አወጣው፤ ታጥፎ የነበረውን ዘርግቶ እንደገና አጠፈው፤ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጠመ። ፊልሙ አለቀ።

ሰው እየወጣ ሳለ ዘይነባ አጠገቤ መጣች። እኔ ሻርፔ ውስጥ ነበርኩ።

«ቲቸር፣ ቅር አለዎት? እኛ አይደለንም። ያን ቀን 'ቀጥዪ' አሉኝ፤ ባጃጇ ጋ ስደርስ 'በቃ' አሉኝ። በሩን አስፈቱና 'ከዚህ ወዲያ ያለውን እሷ አላየችም፤ እኔ አሳያችኋለሁ' አሉን።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማነጻጸሪያው ላይ ልዩነቱ አንጻሩ ነው ብለን ጻፍን። ልቦለዱ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ፊልሙ ውጭ ቀረ። ልክ ነን?»

«ልክ ናችሁ።»

«ባጃጇስ? የዘመናዊነት ጥድፊያ ብለን ደብተራችን ላይ ጽፈናል።»

«ሰርዙት!» አልኩ። ድምፄ አዳራሹን ዞረው። በር ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ግድ አልሰጠኝም፤ ማለቴ፣ ለትንሽ ጊዜ።

ወደ ቤት የተመለስነው በጀማል ባጃጅ ነው፤ አባቴና እኔ፣ መሃላችን ፌስታሉ። ብዙ መንገድ ሄድን።

«በሩን አወጡት» አለ አባቴ በመጨረሻ።

«አወጡት አባ።»

«ያን ሁሉ ተሸክሜው!» በጣም ከፍቶታል።

እኔ የቆጥ የባጡን ሳስብ ቆይቼ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ያን ቀን መከተልህን።»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ብርድ ልብሱ ደርሶሽ የለም እንዴ?»

ቤታችን ደረስን፤ ሰማያዊው በራችን በቀኝ በኩል ታየ። አባቴ ወራጅ ይላል ብዬ ዝም አልኩ። ወደ እሱ ዞር ስል እሱም እኔን እየጠበቀ ነው። በራችን አለፈን። ሱቁ አለፈን። የመጨረሻው ቤት አለፈን፤ የሽንኩርቱ ሽታ መጣ።

ጀማል በመስታወቱ አየን። «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬም ቤንዚን እስኪያልቅ ነው?»

አባቴ ብርድ ልብሱን ከፌስታሉ አውጥቶ ጉልበቴም ጉልበቱም ላይ አለበሰው። በዚያ ሙቀት!

«ንዳው» አለ።